የ17 ዓመት ፍሪጅ፣ የእናቴ ምጣድና አንድ የደብረ ማርቆስ ጥገና ቤት

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታችን ሦስት ዕቃዎች ተከታትለው አስቸገሩን። በ2000 ዓ.ም. የገዛነው ፍሪጅ ሌት ተቀን ሳያርፍ እያጉረመረመ ወተት እንኳ ማቆየት አቃተው፤ የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ የእንጀራውን አንድ ጎን እያሳረረ ሌላውን ጎን ሳያበስል ያወጣ ጀመር፤ ባለሁለት ዓይኑ የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ድስት በተጣደበት ቁጥር እጅ ይነዝር ነበር። ባለቤቴ ሦስቱም ይለወጡ አለች፤ እናቴ አንዱም ከቤት አይወጣም አለች። ሁለቱም ያዩት የዕቃዎቹን ዕድሜ እንጂ ሕመማቸውን አልነበረም፤ አንዷ አሮጌ ስለሆኑ ይውጡ ስትል፣ ሌላዋም አሮጌ ስለሆኑ ይቆዩ ትላለች።

አዲስ ልግዛ ብል አቅሜ አይፈቅድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ መጠኑ ከእኛው ጋር ለሚመሳሰል ፍሪጅ ከጠየቅኋቸው ሦስት ሱቆች ዝቅተኛውን ዋጋ የነገረኝ 58,000 ብር አለኝ። ይህ ለአንድ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ዕቃዎች አስቀድሜ ጥገና ቤት ለማሳየት ወሰንሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈው ከጥገናው በኋላ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመሆኑ፣ ምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን የተሠራው መቆየቱንም አብሬ ለመናገር እችላለሁ።

ጥገና ቤቱ ከገበያው ወረድ ብሎ የሚገኝ አንድ ክፍል ነው። የስም ሰሌዳ የለውም፤ ምልክቱ በሩ ላይ የተደገፈ አሮጌ የፍሪጅ መዝጊያ ነው። ባለቤቱ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ሲሆኑ ሁለት ወጣቶች አብረዋቸው ይሠራሉ። በመጀመሪያ ቀን የገረመኝ፣ ወደ መፍቻው እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል መጠየቃቸው ነው፤ ፍሪጁ ከመቼ ጀምሮ እንደማያርፍ፣ ከዚህ በፊት ማን እንደ ነካው፣ ምጣዱ የሚያስቸግረው በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ፣ ቤታችን ውስጥ መብራት ሲደክም አምፖሉ እንዴት እንደሚሆን። እኔ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ወደ እናቴ ስልክ ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «ማታ ማታ ነው እንጂ ቀንማ ምን አለበት» አለችኝ። ሰውየው ይህን ሲሰሙ ምጣዱን ለጊዜው ወደ ቤት እንድመልሰው ነገሩኝ፤ ምክንያቱን በቦታው እገልጸዋለሁ።

ስለ ፍሪጁ ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ባለሙያ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሁለት ጊዜ ሞልቶልን፣ ሁለት ጊዜም አስከፍሎን ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ፍሪጁ ለጥቂት ወራት ቀዝቅዞ ተመልሶ ደከመ። ይህን ስናገር ሽማግሌው ፈገግ አሉና «መምህር፣ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ኩራዝ ላምባ ነዶ አያልቅም፤ ካለቀ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተጨመቀና እየተነፈሰ የሚዞር እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ የተቀደደ እንስራ እየሞላ ነው። ከዚያ በኋላ በሳሙና አረፋ የነከሩትን ብሩሽ ከኋላ ባሉት የቧንቧ መጋጠሚያዎች ላይ አንድ በአንድ አስኬዱት። አረፋው የፈላው የቀድሞው ባለሙያ ጋዝ በሞላበት ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጫፍ አዲስ አስመስሎ ሠርቶ በደንብ ሳይዘጋው ኖሯል፤ ሁለተኛውን ክፍያ የከፈልነው ለመጀመሪያው ሥራ ጉድለት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር የመዝጊያው ጎማ ነበር። ከኪሳቸው የአሥር ብር ኖት አውጥተው በመዝጊያውና በአካሉ መካከል ካስገቡ በኋላ በሩን ዘግተው ወደ ውጭ ጎተቱት፤ ኖቱ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ከላይ በኩል ሲሞክሩት ግን ያዘ፤ ከታች ባለው ማዕዘን እንደ ገና ተንሸራትቶ ወጣ። ጎማው በደንብ ሲገጥም ብሩ በግድ ነው የሚወጣው። ይህን ሙከራ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያደርገው ስለሚችል፣ አሮጌ ፍሪጅ ያለው አንባቢ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ዙሪያውን ቢሞክረው መልካም ነው። ጎማው ተጣሞ ብቻ ከሆነ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ቅርጹን ሊመልስ ይችላል፤ የእኛው ግን ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር መቀየር ግድ ሆነ። የቅዝቃዜውን ልክ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም ልቀይረው ብዬ ጠይቄአቸው ነበር፤ በቴስተር ለክተው «ይህ ደኅና ነው፤ ለዚህ ገንዘብዎን አያውጡ» ብለው መለሱልኝ። አንድ ጥገና ቤት የማያስፈልገውን ሥራ ሲከለክል ካየሁ በቀረው ነገር ላይ የሚለኝን ለማመን አልቸገርም።

ጋዙ አር-134ኤ መሆኑን ከኋላ ካለው ሰሌዳ አንብበው ነው የሞሉት። ይህን ሰሌዳ ማንበብ ለውሳኔው ይጠቅማል። በጣም አሮጌ ፍሪጆች ላይ የሚገኘው አር-12 የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ምርቱ እንዲቆም ከተደረጉት ጋዞች አንዱ ነው፤ ፍሪጁ ይህን የሚል ከሆነና ጋዙ ካፈሰሰ መሸኘቱ ይሻላል። አር-600ኤ የሚል አዲስ ፍሪጅ ደግሞ የሚይዘው ጋዝ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ ውስጡ እያለ በእሳት መበየድ አደገኛ ነው፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ እንዲነካው አልመክርም።

ጋዙ፣ ብየዳው፣ ጎማውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 6,200 ብር ከፈልሁ፤ ይህም የአዲሱን ዋጋ አንድ አሥረኛ ጥቂት ያልፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አሮጌው መብራት ይበላል» ብሎ ይከራከራል፤ ባለቤቴም ይህንኑ ብላኝ ነበር። ስለዚህ ከጥገናው በፊትም በኋላም በካርድ ቆጣሪያችን ለካሁት። የቤቱን ሌላ ዕቃ ሁሉ አጥፍተን፣ ፍሪጁን ብቻ ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ትተን የቆጣሪውን ንባብ ስናነጻጽር ከጥገናው በፊት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከጥገናው በኋላ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ያ ልዩነት የዕድሜ ሳይሆን የጎማና የቀዳዳ ነበር። 1.1 ማለት በዓመት ወደ 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሱቅ ያየሁት አዲሱ ፍሪጅ መለያው ላይ 230 ይላል። በዓመት የሚቆጥብልኝ 170 ያህል ነው። ከምከፍለው አብልጬ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ብዬ ባስበው እንኳ ቁጠባው በዓመት 1,700 ብር ይሆናል፤ 58,000 ብሩን ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ይፈጃል። አዲሱ ፍሪጅ ያን ያህል አይቆይም፤ እኔም መቆየቴን እንጃ።

ይህ ሒሳብ ግን የደብረ ማርቆስ ሒሳብ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወጥ ቤታችን ራሱ ግማሽ ፍሪጅ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አይደክምም። ባሕር ዳር የምትኖረው እህቴ፣ በሐይቁ ዳር ወበቅ ውስጥ ያንኑ ፍሪጅ ብታስቀምጥ ንባቡ ከፍ ማለቱ አይቀርም። እኛ ደግሞ ጾመኛ ቤት ነን፤ በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት ስለሌለ ፍሪጁን ነቅለን፣ ሻጋታ እንዳይዘው መዝጊያውን በትንሽ እንጨት ገርበብ አድርገን እንተወዋለን። በዓመት ወደ ሁለት ወር ለሚያርፍ ዕቃ ስለ መብራት ቁጠባ መጨነቅ ብዙ ትርጉም አይሰጥም።

የዚያችው እህቴ ፍሪጅ ግን ከእኛው በዘጠኝ ዓመት ያነሰ ቢሆንም ሞቷል። በረዶው ሲበዛባት በቢላዋ ፈልፍላ ለማውጣት ስትሞክር ስስ የሆነውን የማቀዝቀዣ ግድግዳ በሳችው፤ አንድ ጊዜ «ጢስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ ትላለች፤ ጋዙ በዚያው ወጣ። ሽማግሌውን ስጠይቃቸው እዚያ ቦታ ላይ የሚደረግ ጥገና ብዙ እንደማይቆይና እሳቸው እንደማይሠሩት ነገሩኝ። እንዲሁም ሞተሩ ራሱ ከተቃጠለ የሞተር፣ የጋዝና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ወደ አዲሱ ግማሽ ስለሚጠጋ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ እኔም እስማማለሁ። የእኛ ውሳኔ እንግዲህ ከ17 ዓመቱ ይልቅ በቀዳዳው ቦታ ላይ የተመሠረተ ነበር።

አሁን ወደ ምጣዱ ልመለስ። ሽማግሌው ምጣዱን ከቤት ውጭ ለማየት እምቢ ያሉት እናቴ «ማታ ማታ ነው» ስላለች ነበር። አንድ ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቴስተራቸውን ይዘው ቤታችን መጡና፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ሶኬቱን ሲለኩት 220 ቮልት መሆን የነበረበት 180 ቮልት ሆኖ ተገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ስኩዌር (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው) ልክ ነው፤ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ይህን እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ነገር ሆኖ ሳለ ከእናቴ ምጣድ ጋር አገናኝቼው ባለማወቄ አፈርሁ። እናቴ ስንት ጊዜ ሊጡን፣ አብሲቱን፣ ማሰሻውን፣ አንዳንዴም ጤፉን ስታማርር የኖረችው በመስመሩ ድካም ምክንያት ነበር። ብዙ ቤት «ምጣዱ ሞቷል» ተብሎ አዲስ የሚገዛው፣ አዲሱም በዚያው ምሽት ያንኑ ጥሬ እንጀራ የሚያወጣው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በ1950ዎቹ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ አጠገብ የተሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቅሙ 11 ሜጋዋት ገደማ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል፤ ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ወደ ሦስት ሺህ ምጣድ ብቻ ነበር። አንድ ሰፈር በአንድ ምሽት ሲጋግር አንዲት ትራንስፎርመር ብትደክም አይፈረድባትም።

የምጣዱ ሌላው ሕመም ግን የራሱ ነበር። ገልብጠው ከሥሩ ሲከፍቱት፣ በጀሶ የተሸፈነው ሽቦ በሁለት ቦታ ተበጥሶ እርስ በርሱ ተጠምዝዞ ነበር፤ የሰፈር ልጅ በየጊዜው «አስተካክሎልን» ኖሯል። ሽቦው በተቆረጠና በተቀጠለ ቁጥር ያጥራል፤ ሲያጥር የበለጠ መብራት ይስባል፤ የተጠመዘዘበትም ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላል። እንጀራው ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጥብ በትክክል የቅጥሉ ቦታ ነበር። ስፒናው ደግሞ አንደኛው እግሩ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ቀልጦ ወደ ጎን ፈስሷል። እኛ ይህን ምጣድ በዲቫይደር ላይ ከፍሪጁ ጋር ሰክተን ነበር የምንጠቀመው፤ 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ ብዙው ዲቫይደር የተሠራው ለ10 አምፔር ነው። ቤታችን አለመቃጠሉ በጥንቃቄያችን አይደለም።

ሽማግሌው ሽቦውን በሙሉ በአዲስ ለወጡት፣ ሸክላውን ግን አልነኩትም። ሸክላው ከተሰነጠቀ ምጣዱ አበቃለት፤ ካልተሰነጠቀ ግን ከአዲስ ይልቅ አሮጌው እንደሚበልጥ እናቴም ሽማግሌውም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ደጋግሞ ተሟሽቶ፣ ስንት እንጀራ ተበላሽቶበት ነው ለመላቀቅ የሚበቃው፤ የለመደ ምጣድ ላይ ግን እንጀራው ዓይኑን አውጥቶ በሰፌዱ ጫፍ ብቻ ይነሣል። በመቀጠልም ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚከለክል ጥጥ መሰል ነገር ጨመሩበት፣ ከባልቦላው ቀጥታ በወፍራም ሽቦ ለብቻው ሶኬት አወጡለት፣ እናቴንም «እማማ፣ ከተቻለዎ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይጋግሩ» አሏት። እናቴ ይህን ምክር ያዘች፤ ሰላሳውን እንጀራ አሁን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች፤ በፊት ሦስት ይሞላት ነበር። ቆጣሪው ላይ ስናየው አንድ ጋገራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲሆን በዓመት ከ600 ያልፋል። ከጥገናው ወዲህ በቤታችን ዋናው በላተኛ ሁላችንም ስንወቅሰው የኖርነው ፍሪጅ ሳይሆን ማንም ያልጠረጠረው ምጣድ ሆኗል።

ስለ ምድጃው ብዙ የሚባል የለም። ሽማግሌው በቴስተር አንድ ጊዜ ነክተው አካሉ ላይ መብራት እንዳለ ሲያዩ ከጠረጴዛው ላይ አወረዱት። ውስጡ ዝጎ ተበልቷል፣ የሽቦው መከለያ ተሰባብሯል፣ ቤታችንም ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስድ የመሬት መስመር የለውም። «ይህን እኔ ጠግኜ ብሰጥዎ፣ አንድ ቀን እናትዎ እርጥብ እጃቸውን ይዘው ይነኩታል» አሉኝ። ምንም ሳያስከፍሉ መለሱት፤ ለቆራሌው ሰጠሁት፤ አዲስ ገዛን። በዚህ ጉዳይ ባለቤቴ ትክክል ነበረች፤ ይህን በጽሑፍ እንዳሰፍረውም ጠይቃኛለች።

አገልግሎቱ ነቀፌታ የለበትም ማለቴ አይደለም። ዋናው ጉድለት ቀጠሮ ነው። ፍሪጁን ለሆሳዕና ዋዜማ እንደሚያደርሱ ነግረውኝ ነበር፤ የመዝጊያው ጎማ ከባሕር ዳር መምጣት ስለ ነበረበት ዘገየ፤ መዘግየቱን ግን እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው የሰማሁት። የደረሰልን በስቅለት ማታ፣ በጋሪ ላይ ተጋድሞ ነው። የተጋደመ ፍሪጅ ወዲያውኑ አይሰካም፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ቆሞ ማደር አለበት፤ ስለዚህ የሰካነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በጉ እሑድ ሲታረድ ፍሪጁ ገና በደንብ ቀዝቅዞ አልነበረም። ባለቤቴ ያን ቀን ያለችኝን እዚህ አልጽፍም። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ አይሰጡም፤ የሦስት ወር ዋስትና ቢሰጡም ቃል ብቻ ነው። ቃላቸውን እንደሚጠብቁ አይቻለሁ፤ ከአንድ ወር በኋላ የመዝጊያው ጎማ በአንድ ማዕዘን ሲላቀቅ ያለ ክፍያ መጥተው አስተካክለውታል፤ ሆኖም እሳቸውን ለማያውቅ ሰው በወረቀት ቢሆን ይሻል ነበር። ሦስተኛ፣ ወጣቶቹ እሳቸው በሌሉበት ሰዓት የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው፤ አንዱ ምጣዱን «ጣሉት» ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁን አምስት ደቂቃ ያህል አቆይቶ የሚያስነሣ ስታቢላይዘር በእሳቸው ምክር ገዝቻለሁ፤ ሞተሩ ግፊቱ ሳይረጋ በድንገት እንዳይነሣ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ፍሪጁም ምጣዱም ወደዚያ ቤት አልተመለሱም። ዕቃ ይዞ መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሄድ ሽማግሌውን ራሳቸውን ያገኛቸዋል። እሑድ አይከፍቱም፤ በወሩ 12 እና 21 ቀንም፣ የሚካኤልና የማርያም ዕለት ስለሆነ፣ በሩ ዝግ ነው። እኔ ምጣዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጫንቃዬ ተሸክሜ የሄድሁት በ21 ነበር።